ስሙ የጠፋ አክስል፦ የትንሽ ተሳቢ ዘንግ እንዴት ይለያል? እንዴትስ ይተካል?

ከአዲስ አበባ በጅማ መንገድ ወደ ሰበታ፣ በአምቦ መንገድ ወደ ቡራዩ፣ ወይም የእንጦጦን ጋራ ተሻግረን በጎጃም መንገድ ወደ ሱሉልታ ስንወጣ በመንገዱ ዳር ደጋግመን ከምናያቸው ነገሮች አንዷ ትንሿ ተሳቢ ናት። ሁለት ጎማና አንድ አክስል ብቻ ያላት ይህች ተሳቢ በፒክአፕ ወይም በትራክተር እየተጎተተች ውኃ በሮቶ፣ ድርቆሽ ከሱሉልታ ሜዳ፣ ድንጋይና አሸዋ ለግንባታ፣ አንዳንድ ጊዜም ቤቶኔራና ጄኔሬተር ታመላልሳለች። በ2015 ዓ.ም. በተመሠረተው የሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር የተጠቃለሉት እነዚህ ሦስት ከተሞች በፍጥነት የሚገነቡ በመሆናቸው የተሳቢዋ ሥራ ፋታ የለውም።

ታዲያ ይህች ተሳቢ አንድ ቀን ትቆማለች። አንደኛው ጎማዋ ያዘነብላል፤ ወይም ከጎማው መሐል የተቃጠለ ግሪስ ይሸታል፤ ወይም ዘንጉ ጨርሶ ይሰበራል። ባለቤቱ ወደ ጋራዥ ሲወስዳት የመካኒኩ የመጀመሪያ ጥያቄ «የምን አክስል ነው?» የሚል ይሆናል። ባለቤቱ ተሳቢዋን የገዛት ከሌላ ሰው ነው፤ ያም ሰው ከሌላ ሰው። አክስሉ ላይ የተጻፈ ነገር የለም። ብዙውን ጊዜ ከዚህ በኋላ የሚሆነው «ይህኛው ይመስለዋል» ተብሎ በመልክ የተመረጠ ሌላ አክስል መበየድ ነው።

ነገሩ እንደ ቀላል የሚታለፍ አይደለም። ተሳቢ ሾፌር የላትም፤ ብዙ ጊዜም ፍሬን የላትም። ጎማዋ ቢወልቅ አደጋውን ቀድሞ የሚያየው ከፊት የተቀመጠው ሾፌር ሳይሆን በመንገዱ ዳር የሚሄደው እግረኛ ነው። በዚህ ጽሑፍ ስሙ የጠፋ አክስል ማንነቱን በገዛ አካሉ ላይ ይዞ እንደሚዞር፣ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የተማርነው ፊዚክስና አንድ ካሊፐር ካለንም ልናነብበው እንደምንችል ለማሳየት እንሞክራለን።

ስሙ ለምን ይጠፋል?

በፋብሪካ የተሠራ የተሳቢ አክስል አብዛኛውን ጊዜ በወገቡ ላይ ትንሽ ምልክት ይለጠፍበታል። በምልክቱም ላይ የመሸከም ዐቅሙና የመለያ ቁጥሩ ይጻፋል። ይሁን እንጂ ምልክቱ የሚገኘው ጭቃና ጠጠር በሚመታው ቦታ ስለሆነ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ይፋቃል፤ ያልተፋቀውም በቀለም ይሸፈናል።

በአገራችን ደግሞ ሌላ ምክንያት አለ። ከትንንሾቹ ተሳቢዎች ብዙዎቹ የተወለዱት በብየዳ ቤት ነው። የላይኛው አካል ከላሜራና ከማዕዘን ብረት ይሠራል፤ አክስሉ ግን ከአሮጌ መኪና የተፈታ ይሆናል። መርካቶ ውስጥ በሶማሌ ተራ ያገለገለ የመኪና ዕቃ የገዛ ሰው ይህን በሚገባ ያውቀዋል። በፈረስ የሚጎተተው ባለ ጎማ ጋሪም ቢሆን ብዙ ጊዜ የሚሄደው በዚሁ ዓይነት ከመኪና በተረፈ ዘንግ ላይ ነው። ያገለገለን ብረት ለሁለተኛ ሥራ ማዋል የሚያስመሰግን ብልሃት ነው። ችግሩ ያለው ዘንጉ ከመኪናው ሲለይ ስሙም ዐቅሙም አብረው መጥፋታቸው ላይ ነው።

አክስል ምን ይሠራል?

የተሳቢ አክስል ሦስት ሥራዎች አሉት። አንደኛ፣ ከባሌስትራው የሚመጣውን ጭነት ተቀብሎ ለጎማዎቹ ያደርሳል። ሁለተኛ፣ ጎማዎቹ በነፃነት እንዲሽከረከሩ ይፈቅዳል። ሦስተኛ፣ ሁለቱ ጎማዎች ሁልጊዜ ትይዩ ሆነው እንዲሄዱ ይጠብቃል። ከእነዚህ አንዱን ብቻ የሚያሟላ አክስል ለጊዜው ተሳቢዋን ያስኬዳታል፤ ውሎ አድሮ ግን ጎማ ይበላል፣ ኩሽኔታ ያቃጥላል ወይም ይሰበራል።

ለተሳቢ ተብሎ የተሠራ አክስል ራሱ አይሽከረከርም። ወገቡ ከባሌስትራው ጋር ታስሮ ይቆማል። ጫፎቹ ወደ ውጭ እየቀጠኑ ስለሚሄዱ እንዝርት ልንላቸው እንችላለን። በእያንዳንዱ እንዝርት ላይ ሁለት ኩሽኔታዎች ይቀመጣሉ፤ በኩሽኔታዎቹ ላይ ሞዞው ይሽከረከራል፤ በሞዞው ላይ ደግሞ ቸርኬው በብሎን ይታሰራል።

ከመኪና የተፈታ የኋላ አክስል ሲሆን ግን አንድ ብርቱ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የመኪና የኋላ አክስል በውስጡ ጎማውን የሚያዞር ዘንግ አለው። በአንዳንድ መኪናዎች፣ ለምሳሌ በቀድሞዎቹ ላንድ ሮቨሮች፣ የዚህ ዘንግ ሥራ ማዞር ብቻ ነው፤ ጭነቱን የሚሸከመው የውጪው ቱቦና በላዩ የተቀመጡት ኩሽኔታዎች ናቸው። በእነዚህ መኪናዎች የውስጡ ዘንግ ቢወጣም ጎማው በቦታው ይቆያል። በሌሎች፣ ለምሳሌ በብዙዎቹ የቶዮታ ሃይሉክስ ፒክአፖች፣ ጎማው የታሰረው በዚያው በውስጡ ዘንግ ጫፍ ላይ ነው። ክብደት ለመቀነስ ተብሎ ዘንጉ ቢቆረጥ ጎማውን በቦታው የሚይዘው ነገር አይኖርም። ስለዚህ ከመኪና የመጣን አክስል ከመንካታችን በፊት ጎማውን ማን እንደያዘው ማወቅ ግድ ይላል።

ስድስቱ ጥያቄዎች

«ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ» እንደሚባለው ልኬቱ ሁሉ የሚወሰደው አሮጌው አክስል ተፈትቶ ከመጣሉ በፊት ነው። አክስሉን የምንጠይቃቸውን ጥያቄዎች በቅደም ተከተል እንመልከት።

1. የተጻፈ ነገር አለህን? ወገቡን በሽቦ ብሩሽ ጠርገን በላምባ በተነከረ ጨርቅ እናብሰዋለን። የሞዞውን ፊት፣ የታምቡሩን ጠርዝና የባሌስትራውን መቀመጫም እንዲሁ እናጸዳለን። በመዶሻ የተመታ ቁጥር ከቀለም ሥር ብዙ ጊዜ ይገኛል።

2. ስንት ብሎን? በምን ያህል ክብ ላይ? ብሎኖቹ የተደረደሩበት ምናባዊ ክብ ስፋት አክስሉ ከየትኛው የመኪና ቤተሰብ እንደመጣ ይጠቁማል። ባለ አራትና ባለ ስድስት ብሎን ከሆነ ትይዩ የሆኑትን ሁለት ብሎኖች ከመሐል እስከ መሐል እንለካለን። የብሎንን መሐል በዓይን ማግኘት ስለሚያስቸግር ከአንደኛው ብሎን ግራ ጠርዝ እስከ ሁለተኛው ብሎን ግራ ጠርዝ ብንለካ ያንኑ ውጤት እናገኛለን። ባለ አምስት ብሎን ሲሆን ግን ፊት ለፊት የሚተያዩ ብሎኖች የሉም። በዚህ ጊዜ የሁለት ጎረቤት ብሎኖችን ርቀት ለክተን በ1.70 እናባዛለን። ቁጥሩ የመጣው ከትሪጎኖሜትሪ ነው፦ ክቡ ለአምስት ሲካፈል 72 ዲግሪ ይሆናል፤ የዚህ ግማሽ ሳይን 0.588 ሲሆን 1ን ለ0.588 ብናካፍል 1.70 እናገኛለን።

ለምሳሌ ያህል፣ በጎረቤት ብሎኖች መካከል 97 ሚሊሜትር ካገኘን ክቡ 165 ሚሊሜትር ያህል ይሆናል። ይህ የቀድሞዎቹ ላንድ ሮቨሮች ልክ ነው፤ ትክክለኛው ቁጥር 165.1 ነው። ባለ ስድስት ብሎንና 139.7 ሚሊሜትር ከሆነ የቶዮታ ሃይሉክስና የብዙ ሌሎች ፒክአፖች ልክ ነው። ባለ አራት ብሎንና 98 ሚሊሜትር የላዳና የፊያት ልክ ነው። እዚህ ላይ አንድ የሚያስገርም ነገር አለ። በላዳና በሃይሉክስ ሁለቱ ጎረቤት ብሎኖች መካከል ያለው ርቀት ከ69 እስከ 70 ሚሊሜትር በመሆኑ እርስ በርሱ ይቀራረባል፤ የሚሸከሙት ጭነት ግን አይቀራረብም። አንድ ልኬት ብቻ አይበቃም የምንለው ለዚህ ነው።

3. የኩሽኔታህ ቁጥር ስንት ነው? ከሁሉም ጥያቄዎች አስተማማኝ መልስ የሚሰጠው ይህ ነው። የማንኛውም ፋብሪካ ኩሽኔታ በቀለበቱ ጠርዝ ላይ ቁጥር ይቀረጽበታል። በሚሊሜትር በተሠሩት ኩሽኔታዎች የቁጥሩ የመጨረሻ ሁለት አኃዞች ከ04 ጀምሮ በ5 ሲባዙ የውስጡን ቀዳዳ ስፋት ይሰጣሉ። 30205 ማለት 25 ሚሊሜትር፣ 30206 ማለት 30 ሚሊሜትር፣ 30208 ማለት 40 ሚሊሜትር ነው። በኢንች የተሠሩት ግን በሰንጠረዥ ይፈለጋሉ። ኤል 44649 የሚለው 27 ሚሊሜትር ያህል፣ ኤል 68149 የሚለው 35 ሚሊሜትር ያህል ቀዳዳ አለው። እነዚህ ሁለቱ በአንድ እንዝርት ላይ አብረው ከተገኙ አክስሉ በአሜሪካ ልክ የተሠራና 1,600 ኪሎግራም ገደማ እንዲሸከም የታሰበው የተለመደ የተሳቢ አክስል ሊሆን እንደሚችል እንገምታለን። ይህም ግምት በሌሎቹ ልኬቶች መረጋገጥ አለበት።

4. እንዝርትህ ምን ያህል ይወፍራል? የኩሽኔታ ቁጥር ቢጠፋ እንኳ የተቀመጠበት ቦታ አይጠፋም። በካሊፐር የውስጠኛውንና የውጪውን ኩሽኔታ መቀመጫ፣ እንዲሁም ግሪስ እንዳይወጣ የሚያግደው የጎማ ቀለበት የሚያርፍበትን ቦታ እንለካለን። እያንዳንዱን በሁለት አቅጣጫ መለካት ይገባል። ሁለቱ ቁጥሮች ከተለያዩ እንዝርቱ ተበልቷል ማለት ነው።

5. ወገብህ ምን ዓይነት ነው? ክብ ነው ወይስ አራት ማዕዘን? ድፍን ነው ወይስ ቱቦ? ስፋቱስ? ድፍኑን ከቱቦው በመዶሻ ድምፅ መለየት ይቻላል። ወገቡ ቀጥ ያለ ነው ወይስ ወደ ታች የተቀለበሰ የሚለውም ይመዘገባል።

6. ቁመትህ ስንት ነው? እዚህ ሁለት ልኬቶች አሉ። አንደኛው ከሞዞ ፊት እስከ ሞዞ ፊት፣ ሁለተኛው ከአንዱ የባሌስትራ መቀመጫ መሐል እስከ ሌላው መሐል ያለው ርቀት ነው። ብዙ ሰዎች የመጀመሪያውን ብቻ ይዘው ገበያ ይሄዳሉ፤ ከዚያ የገዙት አክስል ጎማው ትክክል ሆኖ ባሌስትራው ሳይገጥም ይቀራል።

እነዚህ ስድስት መልሶች በአንድ ወረቀት ላይ ሲሰፍሩ አክስሉ ስሙን አገኘ ማለት ይቻላል።

አንድ ምሳሌ እናስላ

ስም ብቻውን ግን አይበቃም፤ አክስሉ ለጭነታችን ይበቃል ወይ የሚለው ጥያቄ ገና ይቀራል። አንዲት ተሳቢ 1,000 ሊትር ውኃ በሮቶ ጭና ከሱሉልታ ወደ አንድ የግንባታ ቦታ ትሄዳለች እንበል። ውኃው 1,000 ኪሎግራም ይመዝናል፤ ባዶዋ ተሳቢና ሮቶው 350 ኪሎግራም ቢሆኑ ጠቅላላው 1,350 ይሆናል። በደንብ በተጫነ ተሳቢ ከዚህ ውስጥ ከመቶ አሥር ያህሉ በመጎተቻው ላይ ያርፋል። ስለዚህ ለአክስሉ የሚቀረው 1,215 ኪሎግራም ሲሆን ለእያንዳንዱ ጎማ 608 ኪሎግራም ወይም 5,960 ኒውተን ያህል ይደርሰዋል።

ይህ ኃይል እንዝርቱን ወደ ላይ ያጎብጠዋል። እንዝርቱ የሚጎብጠው ከሁሉ ይልቅ ከወገቡ ጋር በሚገናኝበት ሥሩ ላይ ነው። ከጎማው መሐል እስከ እንዝርቱ ሥር ያለው ርቀት 60 ሚሊሜትር ቢሆን የማጉበጫው አቅም 5,960 ሲባዛ በ60፣ ማለትም 358,000 ኒውተን ሚሊሜትር ገደማ ነው። በብረቱ ላይ የሚደርሰውን ጫና ለማግኘት ይህን ቁጥር በ32 አባዝተን ለፓይና ለእንዝርቱ ውፍረት ኩብ ብዜት እናካፍላለን። ውጤቱ እንዲህ ይሆናል፦

ውፍረቱ 30 ሚሊሜትር ሲሆን ጫናው 135 ሜጋፓስካል፤
ውፍረቱ 35 ሚሊሜትር ሲሆን ጫናው 85 ሜጋፓስካል፤
ውፍረቱ 40 ሚሊሜትር ሲሆን ጫናው 57 ሜጋፓስካል።

ይህ ተሳቢዋ ቆማ ሳለች ነው። ጉድጓድ ውስጥ ስትገባ ኃይሉ ብዙ እጥፍ ያድጋል። ለጥንቃቄ ሦስት እጥፍ ብለን ብንወስድ ቁጥሮቹ በቅደም ተከተል 405፣ 255 እና 171 ይሆናሉ። ተራ ብረት እስከመጨረሻው ጎብጦ የሚቀረው ጫናው 250 ሜጋፓስካል ገደማ ሲደርስ ነው። የአክስሉ ብረት ከምን እንደተሠራ ካላወቅን ተራ ብረት ነው ብለን መነሣት አለብን። በዚህ መሠረት ባለ 30 ሚሊሜትሩ አይበቃም፤ ባለ 35ቱ በገደል አፋፍ ላይ ቆሟል፤ ባለ 40ው ይበቃል።

ከዚህ ስሌት ሁለት ትምህርቶች እናገኛለን። የመጀመሪያው ጥንካሬ ከውፍረቱ ኩብ ጋር አብሮ የሚያድግ መሆኑ ነው። የተበላሸን እንዝርት በቶርኖ አለስልሶ ከ40 ወደ 36 ሚሊሜትር ማውረድ በዓይን ሲታይ ቀላል ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን ውፍረቱ ከመቶ 10 ሲቀንስ ጥንካሬው ከመቶ 27 ይቀንሳል። ሁለተኛው የቸርኬው ነገር ነው። መሐሉ ወደ ውጭ የወጣ ሌላ ቸርኬ ብንገጥምና ርቀቱ ከ60 ወደ 90 ሚሊሜትር ቢያድግ ጫናው በአንድ ጊዜ ሃምሳ ከመቶ ይጨምራል። ይበቃል ያልነው ባለ 40 ሚሊሜትሩ እንዝርት ወደ አፋፉ ይመጣል፤ ጭነቱ ግን አንድ ኪሎ እንኳ አልጨመረም።

በመጨረሻም የአንድ ተሳቢ ዐቅም የሚለካው በደካማው አካሏ ነው። ጎማውም ቁጥር አለው። በጎማው ጎን ከልኩ ቀጥሎ 88 ተብሎ ከተጻፈ 560 ኪሎግራም፣ 91 ከሆነ 615፣ 100 ከሆነ 800 ኪሎግራም ይሸከማል ማለት ነው። በምሳሌያችን ለአንድ ጎማ 608 ኪሎግራም ስለደረሰ ባለ 88ቱ ጎማ፣ አክስሉ የቱንም ያህል ቢጠነክር፣ አይበቃም።

ብረት ይደክማል

አንባብያን እዚህ ላይ «ታዲያ ለዓመታት ሳይሰበር የሄደው አክስል ዛሬ ለምን ተሰበረ?» ብለው ይጠይቁ ይሆናል። መልሱ ብረት እንደ ሰው የሚደክም መሆኑ ነው። ቀጭን ሽቦ ወስደን አንድ ጊዜ ብናጎብጠው አይሰበርም፤ እዚያው ቦታ ላይ ደጋግመን ብናጎብጠው ግን ይበጠሳል።

ይህን ዓለም የተማረው በከባድ ዋጋ ነው። እ.ኤ.አ. ሜይ 8 ቀን 1842 ከቬርሳይ ወደ ፓሪስ ይመለስ የነበረ ባቡር የመሪው ሎኮሞቲቭ አክስል ተሰብሮ ከሐዲዱ ወጣ፤ ሠረገላዎቹም ተቃጠሉ። በሮቹ ተቆልፈው ስለነበር ከሃምሳ በላይ ሰዎች አለቁ። በቀጣዩ ዓመት ስኮትላንዳዊው መሐንዲስ ዊሊያም ራንኪን የባቡር አክስሎች ስንጥቅ የሚጀምረው ውፍረታቸው በድንገት በሚለወጥበት ሹል ማዕዘን ላይ መሆኑን አመለከተ። ከዚያም ጀርመናዊው ኦገስት ቮለር እ.ኤ.አ. እስከ 1870 ድረስ በዘለቁ ሙከራዎች ብረት በአንድ ጊዜ ከሚሰብረው ጫና እጅግ ባነሰ ተደጋጋሚ ጫና ሊሰበር እንደሚችል አረጋገጠ። ስለዚህ የአዲስ እንዝርት ሥር ሹል ሳይሆን በለስላሳ ቅስት ወደ ወገቡ የሚሻገር መሆን አለበት። ቶርኖ ለሚሠራልን ባለሙያ ይህን አስቀድሞ መንገር ይገባል።

የተሰበረ አክስል ራሱ ታሪኩን ይናገራል። የስብራቱን ፊት ስናይ አንዱ ክፍል ለስላሳና እንደ ውኃ ሞገድ የተደራረቡ መስመሮች ያሉበት፣ ሌላው ክፍል ሻካራና ብልጭልጭ ከሆነ አክስሉ የተሰበረው በድካም ነው። ለስላሳው ክፍል ስንጥቁ ለወራት ያህል ቀስ እያለ የተጓዘበት ነው፤ ሻካራው የመጨረሻዋ ጉድጓድ የወሰደችው ነው። ለስላሳ ክፍል ከሌለ ግን አንድ ከባድ ምት ወይም ከልክ ያለፈ ጭነት ሰብሮታል ማለት ነው።

ገና ያልተሰበረውን ስንጥቅ ለማግኘት ደግሞ ላምባና ጠመኔ ይበቃሉ። የጸዳውን እንዝርት ላምባ ቀብተን ጥቂት ደቂቃ እንጠብቃለን፤ ከዚያ አድርቀን እናብሰውና የጠመኔ ዱቄት እንነሰንስበታለን። ስንጥቅ ካለ ውስጡ የቀረው ላምባ ወደ ዱቄቱ ተመልሶ ይወጣና እንደ ጥቁር ክር ይታያል። ይህ በጥንት የባቡር ጋራዦች ይሠራበት የነበረ ዘዴ ነው። ስንጥቅ የታየበትን እንዝርት በብየዳ መድፈን አይገባም፤ የብየዳው ሙቀት በአጠገቡ ያለውን ብረት አድርቆ ለሌላ ስንጥቅ ያመቻቸዋልና።

አዲሱን መግጠም

ተሳቢዋ ባዶ ሆና በደልዳላ መሬት ላይ ትቆማለች፤ ክብደቷን የሚይዘው ክሪክ ሳይሆን ከሻሲዋ ሥር የተደረደረ ጠንካራ ግንድ ወይም የብረት እግር መሆን አለበት። በክሪክ ብቻ ከተያዘ ተሳቢ ሥር መግባት ሕይወትን ለአንዲት የዘይት ጎማ አሳልፎ መስጠት ነው።

አሮጌው ከተፈታ በኋላ አዲሱ በባሌስትራዎቹ መሐል ብሎን ልክ ይቀመጣል። ብዙ የፋብሪካ አክስሎች በመሐላቸው በመጠኑ ወደ ላይ ቀስት ሠርተዋል፤ ይህ ጉድለት አይደለም፤ ሲጫኑ ቀጥ እንዲሉ የታሰበ ነው። ስለዚህ ቀስቱ ወደ ላይ እንዲሆን አድርገን እንገጥመዋለን። ጭነት ሲያርፍበት የወገቡ የታችኛው ፊት ስለሚሳብ በዚያ በኩል ምንም ነገር መበየድ አይገባም።

ከማጥበቃችን በፊት ከመጎተቻው መሐል እስከ ቀኝ እንዝርት ጫፍ፣ ከዚያም እስከ ግራው ጫፍ እንለካለን። ሁለቱ ርቀቶች እኩል ካልሆኑ ተሳቢዋ ወደ ጎን እየተጎተተች ትሄዳለች፤ ጎማዎቿም ቶሎ ያልቃሉ። ልዩነቱ ከሦስት ሚሊሜትር እንዳይበልጥ ማድረግ ጥሩ ልምድ ነው።

ኩሽኔታው በሁለቱ መዳፎች መካከል ግሪስ እየተገፋ እስኪጠግብ ይሞላል። የውስጥና የውጪ ቀለበቶቹ ከአንድ ጥንድ መሆን አለባቸው፤ አዲስ ኩሽኔታ በአሮጌ ቀለበት ላይ አይገባም። ከዚያ ሞዞውን እያሽከረከርን ዳዶውን እናጠብቃለን፤ ኩሽኔታው ቦታውን ሲይዝ መልሰን እናላላዋለን፤ በመጨረሻም በጣት ብቻ አጥብቀን በኮፒሊያ እንቆልፈዋለን። በጣም የጠበቀ ኩሽኔታ ይቃጠላል፤ በጣም የላላ ይመታል።

የቸርኬ ብሎኖች በዙሪያ ቅደም ተከተል ሳይሆን ፊት ለፊት እየተሻገሩ ይጠብቃሉ። ተሳቢዋ መጀመሪያ ባዶዋን፣ ቀጥሎም በግማሽ ጭነት ትሞከራለች። ከጥቂት ኪሎሜትሮች በኋላ ቆሞ የሞዞውን ሙቀት በእጅ መዳሰስ ያስፈልጋል፤ ለብ ያለ ከሆነ ደኅና ነው፤ እጅ የማያስቀምጥ ከሆነ መልሶ መፍታት ይገባል። ከ50 እስከ 80 ኪሎሜትር ከተሄደ በኋላም ብሎኖቹ እንደገና ይጠበቃሉ።

ቁልቁለትና ፍሬን

በአዲስ አበባ ዙሪያ ያለው መልክዓ ምድር አንድ ተጨማሪ ጥያቄ ያስነሣል። ምሳሌያችን የሆነችው 1,350 ኪሎግራም ተሳቢ ከእንጦጦ ጋራ ወደ ከተማው ስትወርድ ከፍታዋ በ300 ሜትር ቢቀንስ የምታጣው የከፍታ ጉልበት 4 ሚሊዮን ጁል ያህል ነው። ይህ ጉልበት 12 ሊትር ያህል ቀዝቃዛ ውኃ ለማፍላት ይበቃል። ተሳቢዋ የራሷ ፍሬን ከሌላት ይህ ሁሉ ሙቀት በጎታቹ መኪና ፍሬንና ሞተር ላይ ይወርዳል። ስለዚህ አክስል በሚቀየርበት ጊዜ ፍሬን ያለውን መምረጥ፣ ቢያንስም ታምቡር ሊገጠምበት የሚችል መቀመጫ ያለውን መፈለግ ለሱሉልታ መንገድ ቅንጦት አይደለም።

ስሙን መልሰን እንጻፍለት

ሥራው ሲያልቅ አንድ ነገር ይቀራል። አንዲት ትንሽ ላሜራ ወስደን የኩሽኔታዎቹን ቁጥር፣ የእንዝርቱን ውፍረት፣ የብሎኖቹን ቁጥርና ክብ፣ በስሌት ያገኘነውን የጭነት ወሰን እንዲሁም አክስሉ የተቀየረበትን ዓመተ ምሕረት በመዶሻ እንምታባት። ላሜራዋን ወገቡ ላይ አንበይድ፤ በመጎተቻው አጠገብ፣ ጭቃ በማይደርስበት ቦታ በብሎን እንሰራት። ተመሳሳዩን ጽሑፍ በባለቤቱ ደብተርም እናስፍር።

ይህ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። ነገር ግን ከዓመታት በኋላ በሰበታ ወይም በቡራዩ አንድ ወጣት መካኒክ «የምን አክስል ነው?» ብሎ ሲጠይቅ በግምት እንዳይሠራ ያደርገዋል። በዚያ መንገድ ዳር ለሚሄደው እግረኛም፣ ስማችንን ባያውቅም፣ ያደረግንለት መልካም ነገር ይህ ይሆናል።